በሙሉ ድምፅ የጸደቀው እንግዳ

ኮርኒስ የሚሠራ ሰው አይናገርም። ዝምታዬን ከኩራት የሚቆጥሩ ሰዎች ስላሉ ከዚህ ልጀምር። ቀኑን ሙሉ አንገቴን ወደ ኋላ ቆልምሜ፣ ሰባት ስምንት ሚስማር በከንፈሬ ይዤ ነው የምውለው። እንዲህ ያለ ሰው «አዎ» ለማለት እንኳ አስቦ ነው፤ ሚስማር መዋጥ ቀልድ አይደለም። ከሥራ ውጭም ልማዱ አይለቀኝም። ሰው ሰላም ሲለኝ መጀመሪያ ከንፈሬን በምላሴ እፈትሻለሁ። ምንም እንደሌለ ሳረጋግጥ ሰላም ያለኝ ሰው አልፎ ሄዷል።

መናገር ያቃተው ሰው ይጽፋል። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከአራተኛ ክፍል ነው። የቀረውን የተማርኩት ከሰው ቤት ግድግዳ ነው። በዚያ ዘመን ጭቃው እንዳይራገፍ ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ይለጠፍ ነበር። እኔ ደግሞ መሰላል ላይ ስለምውል፣ ማንም የማያነበውን የላይኛውን ረድፍ ሳይቀር አነባለሁ። ችግሩ የቤት ዕቃ ነው። ወደ ጨረቃ የሄዱት ሰዎች መድረሳቸውን መካኒሳ አንድ ቤት ውስጥ አንብቤአለሁ፤ መመለሳቸው ግን የተጻፈው ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ነበር። ቁም ሳጥኑን አንቀሳቅሱልኝ ማለት አፈርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ስለቀሩት ሰዎች ሳዝን ኖርኩ።

ድርሰቴ ከዚያ ኀዘን ተወለደ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ያለችውን አዲስ አበባን ያሳያል። ከተማዋን የሚገዛው «ቆጣሪ» የሚባል፣ ፊቱን ማንም ያላየው ነገር ነው። በየማታው የየቤቱን ሰው ይቆጥራል። አንድ ሰው የጎደለበትም ቤት፣ አንድ ሰው የተረፈበትም ቤት በማግስቱ ባዶውን ይገኛል። በዚህች ከተማ ሕሊና የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አለች። አንድ ቀን መንኮራኩሩ ተሰብሮበት ከሌላ ኮከብ የወደቀ ወጣት ታገኛለች። ስሙ ኦር ነው። በየእጁ ስድስት ስድስት ጣት አለው፣ ጥላ የለውም፣ ሲያፍር ጆሮው ሰማያዊ ይሆናል። በእነሱ ኮከብ ሰው አይቆጠርም፤ ስለዚህ «ስንት ናችሁ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው አያውቅም። ሕሊና ቤቷ ኮርኒስ ውስጥ ትደብቀዋለች። ይፋቀራሉ። ምን ላድርግ፣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር።

ከሌላ ኮከብ የመጣውን ልጅ መፍጠር አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ቤቱ ነው። እኔ ሜትር ያልዘረጋሁበትን ቤት መጻፍ አልችልም፤ እጄ ይቆምብኛል። ስለዚህ ለሕሊና የሰጠኋት የራሔልን ቤት ነው።

ራሔል የእትዬ አስካለ ልጅ ናት። ከሆሳዕና መጥተው መካኒሳ የሰፈሩ ጴንጤዎች ናቸው። ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ ጀምሮ እቤታቸው፣ ለጎረቤት በማይሰማ ድምፅ ይዘምራሉ። ራሔል በልብስ ስፌት ማኅበር ትሠራለች። የቤታቸውን ኮርኒስ እንድሠራ የጠሩኝ በጥቅምት ነው፤ ሦስት ቀን ሠራሁ። እሷ ሦስቱንም ቀን ከሥራ መልስ መሰላሉን ያዘችልኝ። መሰላሉ አራት እግር ያለውና ራሱን ችሎ የሚቆም መሆኑን አልነገርኳትም።

«የሞራሌውን እንጨት ወፈር ወፈር ያለውን አድርግልን የኔ ልጅ» አሉኝ እትዬ አስካለ።

ሚስማሮቹን ከአፌ አወጣሁ። «ለቺፑድ ቀጭኑ ይበቃል እትዬ።»

«ሽንኩርት ልናስቀምጥበት ነው። እጥግ ላይ መውጫ ቀዳዳም ተውልን።»

ራሔል ከታች ቀና ብላ «ስንት ኪሎ ይችላል?» አለችኝ።

«ሰማንያ።»

«ተጋድሞስ?»

«ምን?»

«ሽንኩርቱ» አለች።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይነቃ ነበር። እኔ ግን ጥያቄዋን ወደድኩት። የተጋደመ ሽንኩርት ክብደቱ በሁለት ሞራሌ ላይ እንዴት እንደሚከፈል ጣውላው ላይ በእርሳስ አስልቼ፣ እስከ ዘጠና እንደሚደርስ ነገርኳት። አመሰገነችኝ። ወንድሟ ማቴዎስ በዚያ ሰሞን አይታይም ነበር፤ አያቱን ሊያስታምም ሆሳዕና ወርዷል ተባለ። የብሔራዊ ውትድርና ኮታ ለየቀበሌው በሚወርድበት በዚያ ጊዜ የብዙ ልጆች አያቶች ባንድ ላይ ታመው ነበር። እኔ ለሁሉም አዝኜላቸው ነበር።

እኔ ራሴ ያልተመለመልኩት ጽሕፈቴ ስለሚያምር ነው። ቀበሌው የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ አድርጎኝ ስለነበር «ለሥራ የሚፈለግ» ተብዬ ቀረሁ። ቃለ ጉባኤውን በአንድ ደብተር፣ ድርሰቴን በሌላ ደብተር እጽፋለሁ። የኅብረት ሱቁ የሚሸጠው አንድ ዓይነት ደብተር ብቻ ነው፤ ሽፋኑ ግራጫ። በላዩ ላይ ምንድን ነው ብዬ አልጻፍኩበትም፤ የራሴን ደብተር እንዴት ላጣው እችላለሁ ብዬ።

እንግዲህ ኮርኒሱ ካለቀ ከወራት በኋላ፣ እሁድ ጠዋት ነው። የቀበሌው አዳራሽ ከውርስ አዋጁ በፊት የአንድ ባለጸጋ የእህል መጋዘን ስለነበር መስኮት የለውም። ከሀና ማርያም ቅዳሴ የወጡት ነጠላቸውን እንዳጣፉ ገብተዋል፤ በለቡ በኩል የሚያርሱት ገበሬዎችም በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው አጀንዳ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የባለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይነበባል፣ በእጅ ማውጣት ይጸድቃል፣ ማኅተም ይመታበታል። የሚያነቡት ጓድ ሊቀመንበር ተሰማ ናቸው። ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ንባብ የሚወዱትን ያህል የሚወዱት ነገር የለም። ጣታቸውን አስደግፈው ቃሉን አንድ አንድ ያወጡታል። ሐሳባቸው በሙሉ ፊደሉ ላይ ስለሆነ ትርጉሙ ሳያገኛቸው ያልፋል። ሕዝቡም ይህን ስለሚያውቅ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ይተኛበታል።

ደብተሩን ሰጠኋቸው። ገለጡት።

«ሕሊና...» አሉ ጓድ ተሰማ። «ሕሊና... ጣቶቹን... ቆጠረች።»

የሰጠኋቸው የድርሰቴን ደብተር ነው። ያኔውኑ ተነሥቼ «ይቅርታ፣ ደብተሩ ተሳስቷል» ማለት ነበረብኝ። ለምን እንዳልተነሣሁ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ስብሰባ ማወክ ያስጠይቃል፣ ፈርቼ ነው እላለሁ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ድርሰቴን ማንም አንብቦልኝ አያውቅም ነበር። ትንሽ ልስማው አልኩ። አንድ ገጽ ብቻ።

«ስድስት... ናቸው... አለችው። ኦርም... ጆሮው... ሰማያዊ... ሆነ።»

ከኋላ አንድ ሰውዬ አንኮራፋ። ሁለተኛው ገጽ ላይ «ቀስ ብሎ» የሚለውን ሦስት ጊዜ እንደደጋገምኩት ታወቀኝና ስመለስ አስተካክለዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ይሳሳማሉ። ጓድ ተሰማ ያን ቦታ ልክ እንደ ውኃ ቧንቧ ጥገና ሪፖርት አነበቡት። አራተኛው ላይ ቤቱ መጣ። ከወፍጮ ቤቱ መቶ አርባ ስድስት እርምጃ፣ አረንጓዴ በር፣ ኮርኒሱ አራት ሜትር ከሃያ በሦስት ሜትር ከስልሳ፣ መውጫው ከበሩ በስተግራ ሁለተኛው ሞራሌ ላይ፣ እንግዳው እዚያ ተጋድሞ።

«ቃለ ጉባኤው ተነቧል» አሉ ሊቀመንበሩ ላባቸውን እየጠረጉ። «ተቃውሞ?»

የለም።

«ድጋፍ?»

አዳራሹ በእጅ ተሞላ። የተኙትም አነሱ። የእኔም እጅ ተነሣ። ስንት ዓመት የለመደ እጅ ነው፤ እኔን አይጠይቀኝም። ከሴቶቹ ረድፍ እትዬ አስካለ ከሁሉም ዘግይተው እጃቸውን ሲያወጡ አየኋቸው። ራሔል ወዲያ ዞራለች። ማኅተሙ ሕሊናና ኦር የተሳሳሙበት ገጽ ላይ አረፈ።

ያን ጊዜ ጓድ ገዛኸኝ ተነሣ። የአብዮት ጥበቃው ኃላፊ ነው፤ በስብሰባ ላይ የማይተኛ ብቸኛ ሰው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ ጥያቄ። ይኼ ኮርኒስ ውስጥ ያለው እንግዳ ተመዝግቧል?»

«የቱ እንግዳ?»

«ያሁኑ። ያነበቡት።»

እንግዳ አሳድሮ ለቀበሌ ሳያስመዘግቡ መቅረት ትልቅ ጥፋት ነው። ጓድ ተሰማ ደብተሩን መልሰው ገለጡ። በዚህኛው ንባብ ትርጉሙ አገኛቸው። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁና ተነሣሁ።

«ጓዶች፣ ስሕተት ነው። ድርሰት ነው።»

«ማነው እሱ?» አለ አንድ ሰው። ድምፄን ሰምቶት ስለማያውቅ ነው።

«ድርሰት?» አሉ ሊቀመንበሩ። «ሕዝብ አጽድቆታል እኮ!»

«በስሕተት ነው ጓድ...»

«ሰፊው ሕዝብ በሙሉ ድምፅ ተሳሳተ ነው የምትለው?»

ተቀመጥኩ። የእንዲህ ያለ ጥያቄ መልሱን ያወቀ ሰው ተመልሶ አልነገረንም።

ወደ ቢሮ ወሰዱኝ። ሊቀመንበሩ፣ ጓድ ገዛኸኝና የሴቶች ማኅበር ተወካይዋ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ገዛኸኝ የእንግዳ መመዝገቢያ ቅጽ አወጣ።

«ስም?»

«ኦር።»

«የአባት ስም?»

«አባት የለውም። በእነሱ ኮከብ ልጅን የሚያሳድገው ሁሉም በጋራ ነው።»

ገዛኸኝ ብዕሩን አቁሞ ሊቀመንበሩን አየ። «ይኼስ ጥሩ ነው» አሉ ሊቀመንበሩ።

«የመደብ መነሻ?»

«መንኮራኩር ይጠግናል።»

«ላብ አደር» ብሎ ጻፈ። «የመጣበት?»

«ከሌላ ኮከብ።»

«ክፍለ ሀገሩን ነው የጠየቅኩህ።»

ገዛኸኝ ቦታውን ባዶ ተወው። «ልዩ ምልክት?»

«በየእጁ ስድስት ጣት። ጥላ የለውም።»

«ጥላውን ተወው። ስድስት ጣት ይበቃል።»

ተወካይዋ ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳብ አደረጉ። «ልጅቷስ? ከልቧ ትወደዋለች ወይስ አዝናለት ነው?»

«ትወደዋለች።»

«ወይ አበሳዋ! ከዛስ? መጨረሻቸው ምን ሆነ?»

«አልጨረስኩትም።»

«ምን የሚሉት ክፋት ነው ይሄ፣ ሰው አንጠልጥሎ መተው!» አሉና በሻሻቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ጓዶች» አልኩ ጨንቆኝ፣ «ታሪኩ የሚሆነው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነው።»

ይህን ባልል ይሻል ነበር። ጓድ ተሰማ ከልባቸው አዘኑ። ሲቆጡ አይቻቸው አውቃለሁ፤ ሲያዝኑ ግን ያን ቀን አየሁ። «ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም ሰው ኮርኒስ ውስጥ ይደበቃል?» አሉኝ ቀስ ብለው። «ያን ጊዜማ ሁሉ ነገር ሞልቷል። ማን ከማን ይደበቃል ልጄ?»

ገዛኸኝ አላዘነም፣ አልሳቀም። ጠመንጃውን አነገተ። «ድርሰትም ይሁን ሌላ፣ መቶ አርባ ስድስቱን እርምጃ እኔ ራሴ ረግጬ አየዋለሁ።»

ሄድን። ከፊት ገዛኸኝ እየቆጠረ፣ ከኋላው እኔ፣ ከእኔ ኋላ ሁለት ጥበቃዎች፣ ሊቀመንበሩ፣ ተወካይዋ፣ ከእነሱም ኋላ የሰፈሩ ግማሽ። ከወፍጮ ቤቱ ጀምሮ እኔም በልቤ እየቆጠርኩ ነበር። መቶ አሥረኛው እርምጃ አካባቢ ላይ ነው ሽንኩርቱ የገባኝ። ዘግይቶ የወጣው የእትዬ አስካለ እጅ። ወፍራም ሞራሌ። «ተጋድሞስ?» በወር አንድ ኪሎ ሽንኩርት በማይገኝበት ቀበሌ ሰማንያ ኪሎ።

ገዛኸኝ አረንጓዴው በር ፊት ቆመ። «መቶ ሠላሳ ዘጠኝ» አለ። «ተሳስተሃል።» እግዜር ሊያወጣኝ ነበር። ዝም ብል፣ ይኼ ሰው የሚጽፈው ሁሉ ግምት ነው ብለው ሊመለሱ ይችሉ ነበር።

«የእርስዎ እርምጃ ረጅም ስለሆነ ነው» አልኩት።

እስከ ዛሬ አልጋዬ ላይ ተኝቼ ይህን የተናገርኩትን አፌን በቡጢ የምመታበት ጊዜ አለ።

ራሔል ቀድማን ደርሳ ነበር። በሩን ራሷ ከፈተችና «ግቡ» አለች። እናቷ ጥጉ ላይ ቆመዋል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። ገዛኸኝ ኮርኒሱን አሻቅቦ አየና «የሠራኸው አንተ ነህ፣ አንተው ውጣ» አለኝ። መሰላሉን አመጡ። ራሔል ያዘችልኝ። አላየችኝም፤ የምታየው የመሰላሉን እግር ነው።

ክዳኑን ገፋሁና ራሴን አስገባሁ። ከቆርቆሮው በሚስማር ቀዳዳ የሚገባ ብርሃን አለ። የሰው ላብ ሸተተኝ። ማቴዎስ ልክ እኔ እንዳሰላሁት፣ በሁለቱ ሞራሌዎች ላይ ተጋድሟል። ጺሙ ደረቱ ደርሷል። አንድ የጣሳ ኩባያ፣ ሽፋኑ የተቀደደ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የታጠፈ ብርድ ልብስ። ከፊቱ እስከ ፊቴ ሁለት ክንድ አይሞላም። አልለመነኝም። ራሱን ብቻ ቀስ አድርጎ ዝቅ አደረገ፣ መንገድ ላይ ሰው ሰላም እንደሚል። እኔም እንደ ልማዴ ከንፈሬን በምላሴ ፈተሽኩ።

«ምን አለ?» አለ ገዛኸኝ ከታች።

«ሽንኩርት» አልኩ።

«ስንት ኪሎ?»

ማቴዎስን አየሁት። በጣም ከስቷል። «ስልሳ ገደማ» አልኩ። ይህ ውሸት አልነበረም።

«ስልሳ ኪሎ ሽንኩርት!» ከታች ጩኸት ተነሣ። «በዚህ ዘመን! የኢኮኖሚ አሻጥር ነው ጓዶች! እኛ ሱቅ ደጅ ላይ ለግማሽ ኪሎ ስንሰለፍ...»

«በስብሷል» አልኩ።

«ይብላኝ ለእነሱ! የበሰበሰውንም አውርደው ሕዝብ ይየው!»

የተገላገልኩ መስሎኝ ከእሳት ወደ ረመጥ ነበር የገባሁት። ገዛኸኝ አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ አደረገ፤ ራሔል መሰላሉን አጥብቃ ስትይዘው እንጨቱ ሲርገበገብ እግሬ ላይ ተሰማኝ። ክዳኑን መለስኩና ወርጄ ፊቱ ቆምኩ።

«ሽንኩርት የለም» አልኩ። «ማንም የለም። እንግዳው እኔ ነኝ።»

ገዛኸኝ እግሩን ከመሰላሉ አወረደ።

«ኮርኒሱን ስሠራ ሦስት ቀን እላይ ነበርኩ። ከሥራ ሰዓት ውጭም ነበርኩ። አልተመዘገብኩም። እነሱ አያውቁም። ደብተሩ የሚያወራው ስለ እኔ ነው። ስድስት ጣት ያደረግኩት እንዳልታወቅ ብዬ ነው።»

ገዛኸኝ እጄን ይዞ ጣቶቼን ቆጠረ። አምስት ነበሩ።

«ለምንድን ነው የወጣኸው?»

ቤቱ በሰው ተሞልቷል። በሩ ላይ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ሳይቀር ዱቄት እንደነካው ቆሟል። በሕይወቴ አንድም ጊዜ ለአንድም ሴት «ሰላም ዋልሽ» ብዬ አላውቅም። «ራሔልን ስለምወዳት» አልኩ።

«ታዲያ ሽማግሌ አትልክም?» አሉ የሴቶች ማኅበር ተወካይዋ። «ጣራ ላይ ይወጣል እንዴ ሰው?»

በጣም የተደሰቱት ጓድ ተሰማ ናቸው። «ተገኘ!» አሉ እጃቸውን እያጨበጨቡ። «እንግዳ አለ ተባለ፣ እንግዳው ተገኘ። ሕዝብ አልተሳሳተም!» ገዛኸኝ ኮርኒሱን አንድ ጊዜ፣ እኔን አንድ ጊዜ አየ። ያመነ አይመስለኝም። ነገር ግን ያን ወር ከኮታው አንድ ሰው ይጎድለው ነበር፤ እኔ ደግሞ ወጣት ነኝ፣ እላዬ ላይ ጥፋት አለ፣ እጁ ላይ ነኝ። የሚያዋጣውን መረጠ። ሲወስዱኝ ራሔል መሰላሉን ገና አልለቀቀችውም ነበር።

ስሜ ያኑ ዕለት ከቀበሌው በላይ ወዳለው ከፍተኛ ተላለፈ። ከአሥራ ሁለት ምልምሎች ጋር አዳራሹ ውስጥ ዘጉብን። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። አንዴ የሠራሁት ነገር ሚዛኑን ጠብቆ የቆመ መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት በሩ ተከፈተና ጺሙ የረዘመ፣ ዓይኑን በክንዱ የከለለ ሰው ገባ። የፀሐይ ብርሃን ማየት ስለተወ እንባው ይፈስሳል።

«ማቴዎስ እባላለሁ» አለ። «በእኔ ቦታ የገባ ሰው አለ። እሱን አውጡት።»

ጓድ ተሰማ ወረቀታቸውን አገላበጡ፣ ተጨነቁ። የእኔ ስም ተላልፏል፤ የተላለፈ ስም አይመለስም። የእሱን እንዳይተዉት ደግሞ ራሱ መጥቷል። ግንባራቸውን ሲያሹ ቆዩና ፊታቸው በራ።

«ጓዶች» አሉ፣ «ቀበሌያችን ከተሰጠው ኮታ በላይ ፈጽሟል!»

ጥበቃዎቹ አጨበጨቡ። እኛም እንድናጨበጭብ ተነገረን።

ማቴዎስ አጠገቤ ተቀመጠ። «ለምን ወጣህ?» አልኩት። ልመታው ደርሼ ነበር።

«ጸለይኩ» አለኝ። «መልሱ ደስ አላለኝም። ግን መልስ ነው።»

መኪናው ሲመጣ የመካኒሳ ሰው መንገዱን ሞላው። ራሔል አንድ የዳቦ ቆሎ ከረጢት ይዛ መጣችና በሁለታችን መሐል አስቀመጠችው። ልትሰድበኝ የምትችልበት ጊዜ ቢኖር ያ ነበር፤ በደብተሬ ነው ቤታቸው የፈረሰው። እትዬ አስካለ ግን የመኪናውን ጠርዝ ጨብጠው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«አንተ ልጅ፣ ያንተ ዓይን ምንም አያመልጠውም አሉ። እንግዲህ ከልጄ ላይ ዓይንህን እንዳትነቅል።»

«እሺ እትዬ» አልኩ።

አልነቀልኩም። አሥራ አንድ ወር ከዘጠኝ ቀን ሙሉ አየሁት። በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ፣ ጫማው በስንተኛው ሳምንት እንደተቀደደ፣ ውኃ ሲያጥር የራሱን ለማን ለማን እንዳካፈለ፣ ተኩስ ሲጀመር ምን ብሎ እንደሚያጉረመርም። ወረቀት ስለሌለኝ በቃሌ ያዝኩት። ከዚያ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ አንድ መንታ መንገድ ላይ አንድ መኮንን በእጁ ከፋፈለን። የእኔ መኪና ወደ ግራ ሄደ። የእሱ ወደ ቀኝ ታጠፈ። ዛፍ ጋረደው። ከዚያ በኋላ ያየው ሰው አላገኘሁም። መኪናቸው ወደ ቀኝ የታጠፈውን ሁሉ ጠይቄአለሁ፤ ለመጠየቅ የቀሩት ብዙ አልነበሩም።

እኔ በዓመቱ ተመለስኩ፣ አንድ እግሬ አጥሮ። መጀመሪያ የሄድኩት እነሱ ቤት ነው። እርምጃውን አልቆጠርኩትም። እትዬ አስካለ አልጮሁም፣ አላለቀሱም። አስቀመጡኝና «በተራ ንገረኝ፣ አንዱንም እንዳታስቀር» አሉኝ። እስኪመሽ ድረስ ነገርኳቸው። መንታው መንገድ ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አላየሁትም እትዬ።»

«እሁድ ና» አሉኝ። «እንደገና ከመጀመሪያው ትነግረኛለህ።»

በየእሁዱ ሄድኩ። እሳቸው አልጋቸው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ፣ ራሔል መስኮቱ ሥር ትሰፋለች፣ እኔ ከመኪናው መነሻ ጀምሬ እናገራለሁ። ያ የማልናገረው ሰውዬ። ወደ መንታው መንገድ ስንቃረብ እሳቸው የአልጋውን ጠርዝ ይጨብጣሉ። እኔም ፍጥነቴን እቀንሳለሁ፤ ቢሆንም እንደርሳለን። መኪናው ይታጠፋል፣ ዛፉ ይጋርዳል፣ እኔ ባርኔጣዬን አንሥቼ እወጣለሁ።

አንድ እሁድ ግን መንታው መንገድ ላይ ልደርስ አንድ ቀን ሲቀረኝ አልቻልኩም። ያልነበረ ቀን ጨመርኩ።

«በማግስቱ ደግሞ» አልኩ፣ «ወንዝ ዳር ሰፈርን። ተኩስ አልነበረም። ማቴዎስ ሸሚዙን አወለቀና አጠበ። ድንጋይ ላይ አሰጣና እስኪደርቅ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ዘመረ። ጮክ ብሎ ነው የዘመረው። ማንም ምንም አላለውም።»

የራሔል መርፌ ቆመ። ይህን ቀን ሰምታው አታውቅም፤ ሌሎቹን በቃሏ ታውቃቸዋለች። ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። አሁን ውሸቴን ታወጣዋለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ባለመስመሩን ሸሚዝ ነው?» አለችኝ።

እሷ የሰፋችለት ባለመስመር ሸሚዝ ከእናቷ ራስ በላይ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነበር። ማቴዎስ ከቤት ሲወጣ ትቶት ነው የሄደው።

«አዎ» አልኩ፣ «ባለመስመሩን።»

እትዬ አስካለ ዞር ብለው ሳያዩ «ቶሎ ነው የሚደርቀው እሱ» አሉ።